ገጽ የጎደለው ኦሊቨር

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሞዴል 19ን ያውቃል። አንድ ዕቃ፣ ወንበርም ይሁን መጥረጊያ፣ በሞዴል 19 ገቢ ከሆነ በኋላ ከመዝገብ የሚወጣበት በር ጠባብ ነው፤ ወይ በሞዴል 22 ለሰው ወጪ ይደረጋል፣ ወይ አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰይሞ ቃለ ጉባኤ ይያዝበታል። መጽሐፍም በመንግሥት ዓይን ዕቃ ነው። ስለዚህ እኛ ዋግ ኽምራ፣ ሰሃላ የምናስተምር ሰዎች በካርቶን የእርዳታ መጽሐፍ ሲመጣልን የመጀመሪያው አንባቢ የእንግሊዝኛ መምህሩ አይደለም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው።

የእኛው ኃላፊ ከእንግሊዝኛ ጋር ብዙም አይዋደዱም፤ ከቁጥር ጋር ግን የቆየ ፍቅር አላቸው። መጽሐፍ ሲረከቡ ሦስት ነገር ያያሉ፤ ርእሱን፣ ደራሲውን፣ የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር። ልብ ወለድን ከመጨረሻው ገጽ መጀመር ነውር ነው ይባላል። እሳቸው ከዚያ ሌላ የሚያዩት ገጽ የላቸውም።

«መምህር፣ እስቲ ብቅ በል» አሉኝ በመስኮት። ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ይሄ ምን ይላል?»

«ኦሊቨር ትዊስት። ቻርልስ ዲከንስ።»

«ይሄስ?»

«ኦሊቨር ትዊስት። ቻርልስ ዲከንስ።»

«አንዱ አምስት መቶ ገጽ አልፏል። አንዱ መቶ እንኳ አይሞላም። የቀረው የት ገባ?»

«አሳጥረውት ነው፣ ጋሼ።»

«እነማን?»

«አሳታሚዎቹ።»

«በማን ፈቃድ?»

«ደራሲው ከሞተ እኮ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«ወራሽ የለውም?»

ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘሁም። እሳቸውም አልጠበቁኝም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፋ አድርገው፣ ከቀጭኑ ኦሊቨር ትይዩ «ምርመራ» በሚለው አምድ ሥር «ጉድለት ያለበት» ብለው ጻፉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ቤተ መጻሕፍት የምንላት ክፍል አንዲት ናት፤ መደርደሪያዋም በቁጥር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሲመጡ ደግሞ ቦታ ይለቀቅልን ይላሉ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በዋግ ሲያልፍ ወንበርም መጽሐፍም የጠፋበት ትምህርት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ለማንበቢያ የሚሆን ነገር በእጁ የገባ ሰው መጣል ይከብደዋል። ርእሰ መምህሩ በመጨረሻ አጀንዳ ያዙ፤ «ያጠሩ የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍትን ማቆየት ወይስ ማስወገድ» የሚል። የመጻሕፍት መዛኝ ኮሚቴ ተሰየመ፤ ርእሰ መምህሩ፣ ንብረት ክፍሉ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱን ወክለው የኔታ፣ ጸሐፊ ደግሞ እኔ።

በጋሼ ልስቅባቸው አምሮኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ሳያውቁት ከትልቅ ሰው ጎን ተሰልፈዋል። ዳንኤል ዴፎ ሮቢንሰን ክሩሶን በ1719 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲያሳትም፣ ዓመቱ ሳይዞር አሳጥረው በርካሽ የሚቸበችቡ ሰዎች ተነሡበት። ዴፎ ነደደ። በዚያው ዓመት ባወጣው ተከታይ መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ ይህ ሥራ መንገድ ዳር ቆሞ ከመዝረፍ በምን እንደሚለይ እስቲ ያስረዱኝ ብሎ ሞገታቸው። ባጭሩ ሽፍቶች ብሏቸዋል። የቆረጡበት በብዛት መንፈሳዊና ምክር አዘል የሆነውን ሐተታውን ነበር፤ ገዢው የሚፈልገው ደሴቱንና አሸዋ ላይ የታየውን የእግር ዱካ ነው ብለው። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሰውዬው ክስ መሠረተ?» አሉ።

ይህም ሆኖ «ያጠረው ሁሉ ይውጣ» ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም፤ ቀጭኑን መጽሐፍ ማን እንደሚያነበው አውቃለሁና። እዚህ ዋግ ኽምራ ውስጥ ልጁ አፉን የሚፈታው በኽምጣኛ ሊሆን ይችላል። ፊደሉንም በኽምጣኛ ይጀምራል። ገበያውም ቢሮውም አማርኛ ነውና አማርኛን ይጨምራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ፊዚክሱም ታሪኩም እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ለዚህ ልጅ ወፍራሙን ኦሊቨር ስሰጠው ምን እንደሚገጥመው ይታየኛል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ወደ መቶ ቃል ይጠጋል። ዲከንስ አንድ ከተማ እንዳለ፣ የከተማውን ስም ግን መናገር እንደማይፈልግ፣ በከተማው ውስጥ አንድ ቤት እንዳለ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንደተወለደ እያዞረ ሲነግረው፣ ልጁ ማሰሪያውን ሳያገኝ ደወል ይደወላል።

ቀጭኑ መጽሐፍ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ በሚባለው ተከታታይ ደረጃ አንድ 400 መሠረታዊ ቃላትን ይይዛል፤ ስድስተኛው ደረጃ 2500 ላይ ይቆማል። ሮቢንሰን ክሩሶ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ 700 ቃል። ሰውዬው 28 ዓመት የኖረባት ደሴት፣ ከነማዕበሏ፣ ከነሰው በላዎቿ፣ በ700 ቃል። ቀልድ ነው የሚል ካለ የሳምንት ገበያ ወጥቶ ይይ፤ በቃሉ የቆረጠ ነጋዴ ከዚያ በጣም ባነሰ ቃል ፍየል ሸጦ፣ ጨው ገዝቶ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ወደ ቤቱ ይገባል።

ስብሰባው ላይ ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ «እባካችሁ ሐሳባችሁን አጠር አጠር አድርጉት» ሲሉ ከጋሼ በቀር ማንም አልሳቀም። ከዚያ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኛስ በየዕለቱ የምናነበው ምንድን ነው? ስንክሳር አይደለም?»

«ነው፣ የኔታ።»

«ስንክሳር ምንድን ነው ታዲያ? የጻድቁ ገድል ስንት ቅጠል ነው? ስንክሳሩ ግን ያቺን ዕለት በጥቂት ዐምድ ይጨርሳታል። ከዚያ ደግሞ አርኬ አለ፤ ሰላም ለከ ብሎ በጥቂት ስንኝ ያሥራታል። ያጠረው ደግሞ ሲያጥር ማለት ነው። ይህን ማን ነውር አለው?»

እውነታቸውን ነው። ስንክሳር በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ወዲህ፣ የአገራችን ጻድቃን እየተጨመሩበት፣ አርኬው እየተገጠመለት ይኸው ስድስት መቶ ዓመት ያጠረ መጽሐፍ ስናነብ ኖረናል። እኔ በጉዳዩ ላይ መጽሐፍ ሳገላብጥ የከረምኩት ሰውዬ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

«ስንክሳሩ ግን ገድሉን አልበላውም» አሉ የኔታ። «ገድሉ ዕቃ ቤት አለ። የዓመቱ በዓል ሲደርስ ይወጣል።»

ጋሼ ቀና አሉ። «በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

«በገበዙ እጅ ነው።»

«ደግ» አሉ ጋሼ፣ በሕይወታቸው ሙሉ የሚያምኑት ሰው ስሙ እንደተጠራ ሁሉ።

የኔታ ቀጠሉ፤ ጉዳዩን ያጠበቡት ያኔ ነው። ስንክሳርን ያሳጠረው ሰው ለማን እንደሚያሳጥር ያውቅ ነበር አሉ። የሚሰማው ሰው ከሌሊት ጀምሮ ቆሟል፤ መቋሚያው ላይ ተደግፏል፤ ሕፃን ያዘለች እናት አለችበት። አሳጣሪው እነዚህን ሰዎች በዓይኑ አይቷል። ከመካከላቸው ነው። ምን ቢቀር እንደማይቆጫቸው፣ ምን ቢቀር ደግሞ እንደሚያኮርፉ ያውቃል። «ያንተን መጻሕፍት ያሳጠራቸው ሰው ግን ሰሃላን ያውቃታል?» ብለው ጠየቁኝ።

አያውቃትም። የእኔም ቅሬታ ውሎ አድሮ የተሰበሰበው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው። የመጽሐፍ ማጠር አይደለም የሚያስቆጣኝ። የሚያስቆጣኝ ለንደን የተቀመጠ ሰው ለንደን ያለ ልጅ ምን እንደሚሰለቸው አስቦ የቆረጠው ነገር፣ ተከዜ አጠገብ ላለ ልጅ የመጽሐፉ ጣዕም መሆኑ ነው።

ከመጽሐፍ ላይ በመጀመሪያ የሚወድቀው ምን እንደሆነ ልብ ያለ ሰው ያውቀዋል። ወሬው አይወድቅም፤ ድርጊቱ አይወድቅም። የሚወድቀው ደራሲው መንገዱን ትቶ ዛፍ ሥር አረፍ ሲል የሚናገረው ነው። የቪክቶር ሁጎ ምንዱባን በ1862 ሲወጣ ዣን ቫልዣ እስኪገባ ድረስ አንባቢው አሥራ አራት ምዕራፍ ሙሉ ስለ አንድ ደግ ጳጳስ ያነባል፤ ስንት ብር ደመወዝ እንዳላቸው፣ ለማን ስንት እንደሚሰጡ፣ ቤታቸው ስንት ክፍል እንደሆነ። ቆየት ብሎ ደግሞ የዋተርሎ ጦርነት አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ምዕራፍ። እኛ በአማርኛ የምናውቀው፣ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የተረጎመው ምንዱባን በአንድ እጅ የሚያዝ መጽሐፍ ነው፤ የሁጎው ከሺህ ገጽ በላይ ነው። በአማርኛው አልቅሻለሁ። ዛሬም ያንን ቀጭን መጽሐፍ የሚነካብኝ ሰው ካለ በክርክር አልለቀውም፤ ስንት ሰው ዣን ቫልዣን በእሱ አወቀ! ሣህለ ሥላሴ የጻፈው ደግሞ ለኛ ነው፤ ያውቀናል። ወፍራሙን እንግሊዝኛ ኋላ ባገኘሁ ጊዜ ዋተርሎን ዘለልኩት። ብዙ ሰው እንደሚዘለው ጠርጥሬያለሁ፤ በአደባባይ ግን ማንም አያምንም። ዘሎ ማንበብና የተዘለለለትን ማንበብ ግን ለየቅል ናቸው። የዘለልኩት ዋተርሎ እዚያው አለ፤ ጡረታ ስወጣ እመለስበታለሁ እያልኩ እፎክራለሁ። የተቆረጠ ዋተርሎ ላለው ልጅ ግን ጦርነቱም አልተደረገም።

በእኛ መጽሐፍ ላይ ቢደርስ ይበልጥ ይገባናል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ፍቅር እስከ መቃብርን አንድ አሳታሚ በመቶ ገጽ አድርጌ ለተማሪ አቀርባለሁ ቢል መቀሱ ማን ላይ ያርፋል? በዛብህን አይነካም፤ ሰብለ ወንጌልን አይነካም። የሚቆርጠው ጉዱ ካሳን ነው፤ «ብዙ ይናገራል» ብሎ። የዚያን መጽሐፍ ትረካ ከወጋየሁ ንጋቱ አንደበት በሬዲዮ የሰማ ትውልድ እኮ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሬዲዮኑን ከፍ ያደርግ ነበር እንጂ ዝቅ አያደርግም። ፈረንጆቹም በየመጽሐፋቸው የየራሳቸው ጉዱ ካሳ አላቸው፤ ወደ እኛ ሲመጣ ግን በመንገድ ላይ ያስቀሩታል።

በሌላ በኩል ደግሞ ማሳጠር በተፈቀደበት፣ እንዲያውም በሚመከርበት ቦታ ተቀምጦ ያላሳጠረ ሰው አለ። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ያን ሁሉ ሺህ ገጽ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ውስጥ ባለው ብርማ ወረቀት ላይ ተረጎመው፤ ነገም ሌላ ቀን ነው የተባለው መጽሐፍ ከዚያ ወጣ። አንዲት የሲጋራ ወረቀት ስንት መስመር እንደምትይዝ ያየ ሰው፣ ይህ ሰው «የአትላንታን መቃጠል በአንድ አንቀጽ ልለፈው» ብሎ ቢያስብ ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር ይላል። ለነገሩ እስረኛ ጊዜ አይቸግረውም፤ የሚቸግረው ወረቀት ነው። ያጠረው ወረቀቱ እንጂ መጽሐፉ አልነበረም።

አሁን ወደ ክሩሶ ፍየሎች ልምጣ።

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው ቀጭኑ ሮቢንሰን ክሩሶ ከየትኛው ደረጃ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሽፋኑ በሥዕል ያሸበረቀ፣ ለልጆች የታሰበ ነው። ወፍራሙ ክሩሶም አለን፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የመስኮቱን መከለያ ነፋስ እንዳያጋጨው ይይዝ ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ከትምህርት መልስ ፍየል የሚጠብቅ፣ ቀጭኑን መልሶ ሲያመጣ ፊቱ አላማረኝም።

«ምነው፣ አልወደድከውም?»

«ወድጄዋለሁ። ግን መምህር፣ ፍየሎቹን እንዴት ያዛቸው?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። «ፍየሎች ያዘ። አጥር ሠራላቸው። ወተትና ሥጋ አገኘ።» በቃ፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ቀጥሎ ዱካው ነው፣ ከነሥዕሉ።

«የዱር ፍየል እኮ ነው» አለ ልጁ። «የዱር ፍየል ዝም ብሎ አይያዝም። አጥሩንስ ስንት አደረገው?»

ወፍራሙን ክሩሶ ከመስኮቱ አነሣሁት። ዴፎ አይታማም፤ ሁሉንም ጽፎታል። ክሩሶ መጀመሪያ ወጥመድ አኖረ፤ አልሆነለትም። ጉድጓድ ቆፈረ። በአንዱ ጉድጓድ ትልቅ አውራ ፍየል ገባበትና፣ ኃይለኝነቱን አይቶ ፈርቶ ለቀቀው፤ ረኃብ እንደሚያስለምደው ያኔ አልገባውም። ግልገሎቹን ግን እህል እያቀመሰ አለመዳቸው። ከዚያ አጥር ጀመረ። የመጀመሪያው እቅዱ ዙሪያው ሁለት ማይል የሚሆን አጥር ነበር።

ልጁ ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። «ሁለት ማይል! ምኑን አጠረው? ውስጥም ሆነው ዱር ናቸው። መያዝ ሲፈልግ ሊያባርራቸው ነው?»

«እሱም ኋላ እንደዚያ ብሎ አሰበና ተወው» አልኩት፤ መጽሐፉ በትክክል የሚለው ይህንኑ ነው። ክሩሶ ወደ ልቡ ተመልሶ ርዝመቱ መቶ ሃምሳ፣ ወርዱ መቶ ያርድ የሚሆን ጉረኖ አጠረ። በአንድ ዓመት ተኩል ግልገሉን ጨምሮ አሥራ ሁለት ያህል ፍየል ሆነለት። ከዚያ በኋላ ባለው ሁለት ዓመት አርባ ሦስት፣ ያረደው ሳይቆጠር።

ልጁ በጣቱ አሰላ። «እነዚያ መንታ ይወልዳሉ ማለት ነው» አለ። «የእኛ ቢሆን አይሞላም።» ትንሽ ቆይቶም፣ «ማለቡንስ ማን አስተማረው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም፤ በሕይወቱ አልቦ አያውቅም ነበር፤ ብዙ አበላሽቶ ነው የለመደው። ልጁ በጣም ረካ። ከዚያች ቀን ወዲህ ለሱ ሮቢንሰን ክሩሶ ማለት ሰው በላ ያየ ጀግና አይደለም፤ ፍየል ማርባት የማያውቅ፣ ግን የማያፍር ጎረቤት ነው።

ያሳጠረው ሰው ክፋት አልነበረውም። የፍየል አጥር ማንን ያስደስታል ብሎ ነው። በዓለም ላይ ያ አጥር ከእግር ዱካው የሚበልጥበት አገር እንዳለ አልነገሩትም።

ስብሰባውን ይህን ሁሉ ተናግሬ አስረዘምኩት። ርእሰ መምህሩ «የውሳኔ ሐሳብ» አሉ። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ይቆዩ፣ ነገር ግን ሙሉ ነን ብለው አይቁሙ። ያጠረ መሆኑን ሽፋኑ ላይ የሚናገር መጽሐፍ ሐቀኛ ነው፤ እንደ ስንክሳሩ ገድል እንዳለ ያሳያል። ሽፋኑ ላይ የደራሲውን ስም ብቻ አንጠልጥሎ፣ ማጠሩን በጉንዳን ፊደል ጀርባው ላይ የሚሸሽግ ግን ብዙ ነው። እነዚህ ላይ በወፍራም ማርከር «ያጠረ» ተብሎ ይጻፍባቸው፤ ወፍራሙ ያለን እንደሆነም ጎን ለጎን ይቀመጡ።

«ያጠረ አይባልም» አሉ ጋሼ። «መዝገቡ ላይ ጉድለት ያለበት ነው የሚለው። ሽፋኑና መዝገቡ ካልተመሳሰሉ ኦዲት ሲመጣ ምን እላለሁ?»

የኔታ ፈገግ አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በአንድ መጽሐፍ ላይ ግን የተለየ ሐሳብ አስመዝግቤያለሁ። ጆናታን ስዊፍት የጉሊቨርን ጉዞዎች በ1726 ሲያወጣ ጉዞዎቹ አራት ናቸው። ለልጆች ተብለው ከሚታተሙት ብዙዎቹ ግን ሁለቱን ብቻ ይይዛሉ፤ የድንክዬዎቹን አገርና የግዙፎቹን። የሚናገሩ ፈረሶች ያሉበት፣ ሰው ራሱን አይቶ የሚያፍርበት አራተኛው ጉዞ የለም። የእኛም እትም እንደዚያው ነው። ይህ ለእኔ ከማሳጠር አልፏል። ይውጣ አልኩ።

«ለማስወገድ አስወጋጅ ኮሚቴ ያስፈልጋል» አሉ ጋሼ።

«እኛስ ማን ነን?»

«እኛ መዛኝ ኮሚቴ ነን።»

ጉሊቨር ቀረ። ጋሼ ራሳቸው በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ሽፋኑ ላይ «ጉድለት ያለበት» ብለው፣ ከሥሩም «ከአራት ጉዞ ሁለት» ብለው ጻፉበት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ከእኛ መካከል የገመተ አልነበረም። ተማሪዎቹ ጽሑፉን እንደ ማስጠንቀቂያ አላዩትም። የሆነ ነገር ተደብቆብናል ብለው አመኑ። ከመጽሐፍ ላይ ገጽ የሚጎድለው ለምንድን ነው? ለልጅ የማይሆን ነገር ቢኖርበት ነው እንጂ! ወሬው ከክፍል ክፍል ዞረ፤ ወፍራሙ ኦሊቨር፣ ወደ ሰሃላ ከመጣ ጀምሮ ማንም ያልነካው፣ ተጠባባቂ ወረፋ ያዘ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ መዝገበ ቃላት ይዞ ሰነበተበት። ሲመልሰው ተቆጥቶ ነበር።

«መምህር፣ ምንም የለውም እኮ!»

«ምን ፈልገህ ነበር?»

አፈረ። «ለንደን ጭቃ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ አንዲት አሮጊት ሻይ ትጠጣለች። የቆረጡት እሱን ነው?»

«እሱን ነው።»

«ለሻዩ ነው ይሄን ያህል ያነበብኩት?» ብሎ ሄደ። ልብ በሉ፤ አምስት መቶ ገጽ የእንግሊዝኛ ዲከንስ ውስጥ ጭቃውን፣ ጭጋጉንና ሻዩን ለይቶ መጥቷል። በየትኛውም የማስተማሪያ ዘዴ ይህን አላሳካሁም ነበር።

ጉሊቨርን የወሰዱት ልጆች ግን ጥርጣሬያቸው ትክክል ነበር። ሁለቱ ጉዞዎች ራሳቸው ሙሉ አይደሉም። በድንክዬዎቹ አገር የእቴጌይቱ መኖሪያ በእሳት ይያያዛል። በኛ እትም ጉሊቨር ውኃ ያመጣና ያጠፋዋል፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ከጥቂት ገጽ በኋላ ግን እቴጌይቱ ተቀይመውታል፣ ያንን ቤት ዳግም አይረግጡም። ፍየል ጠባቂው ልጅ ይህ አልገጠመለትም። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መጥቶ ጠየቀኝ፤ «እሳት ያጠፋላትን ሰው ለምን ትቀየማለች?»

መምህር ነኝ፤ ዋሽቼ ላልፈው አልቻልኩም። ስዊፍት የጻፈውን ነገርኳቸው። ጉሊቨር የዚያን ዕለት ማታ ብዙ ወይን ጠጥቶ ነበር። ባልዲዎቹ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን ቆብ ያክላሉ፤ እሳቱ አሸነፈ። ስለዚህ ግዙፉ ሰው ቆሞ፣ በሽንቱ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቤተ መንግሥቱን አዳነው። በአገሩ ሕግ ደግሞ በቤተ መንግሥት ግቢ መሽናት በሞት ያስቀጣል።

ክፍሉ ፈነዳ። ጋሼ ምን ሆነ ብለው በመስኮት ብቅ አሉ፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ ነገሯቸው። እሳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አሁን ይህንን» አሉ፣ «ምን ያለው ሰው ነው የሚያጎድለው?»